ከተመስገን ኋላ ያለችው «ብቻ»

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ጎተራህን ለሰው አታሳይ፤ ሙሉ ቢሆን ዓይን ይበላዋል፣ ባዶ ቢሆን ሣቅ ይሞላዋል» ይል ነበር። ሲያርስም ይላታል፣ ሲወቃም ይላታል፣ ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀመስም ይላታል። እኛ ልጆቹ ከዳዊቱ ጋር አብረን በቃላችን ያጠናናት ይመስለኛል። እውነት ለመናገር ቃሏ ጥሩ ናት፤ ሰውን አስከብራ የምታኖር ቃል ናት። ዘንድሮ ግን ከነክብራችን በረሃብ ልትፈጀን ነበር።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። በእኛ አገር፣ ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ እስቴ፣ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታው ረጅም ነው። እንዴት አደራችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ ይባላል። ጥያቄው ብዙ ነው፤ መልሱ አንድ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። እግሩ የተሰበረውም ይመስገን ይላል፣ ሚስቱ ኮብልላ የሄደችበትም ይመስገን ይላል። ይህ ውሸት እንዳይመስላችሁ። ቆሞ መገኘት ራሱ ምስጋና ይገባዋል፤ እኔም ጧት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ከአፌ የምትወጣው እሷው ናት። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ትንሽ ዝም ይባባላል። መሬቱ በዱላ ጫፍ ይጫራል። ወደ ሰማዩ ቀና ይባላል። ከዚያ በኋላ አንዲት ትንሽ ቃል፣ እንደ አይጥ ከጎሬዋ፣ አፍንጫዋን ብቅ ታደርጋለች። «ብቻ…» ትባላለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ብቻ በሬያችን ገደል ገባ።»

«ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና። ብቻ እናታችንን ቀበርን።»

የእኛ አገር ጉድ ሁሉ የሚኖረው ከብቻ ወዲያ ነው። ከተመስገን ተነሥቶ ብቻ እስኪደረስ ያለው መንገድ ከወገዳ መንገድ ይከፋል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አገሬው ይህን ስለሚያውቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቸኩሎ የሚነሣ ሰው ግን ምስጋናችንን ይዞልን ይሄዳል፤ ችግራችን ከእኛው ጋር ይቀራል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ዐምና ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀጥ አለ። ገብሱ ሊያሽት ሲል እንዳማረበት ደርቆ ቀረ። ያቺኑ የተገኘችውን በቁንጥር ስንበላ ከረምን፤ እሷም ስታልቅ እጃችን ወደማይሄድበት ሄደ። ወደ ዘሩ። ከተማ ያደግህ አንባቢዬ ይህ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ላይገባህ ይችላል። ገበሬ ሲጨንቀው ጋቢውን ይሸጣል፣ በሬውን ይሸጣል፤ ዘሩን ግን አይነካም። «ዘር በላ» የሚሉት ስድብ አለን፤ ሌባ ከመባል ይከፋል። ሌባ የሰው ነው የሚበላ። ዘር በላ የልጁን ነገ ቆርጥሞ የበላ ነው።

የእኔዋ ባለቤት የሺ ስልቻውን የፈታች ዕለት «ይቅር በለን» ብላ አማትባ ነው የፈታችው። በር ዘግተን ቆላን። ጎረቤትም በሩን ዘግቶ ቆላ። የተቆላ ገብስ ሽታ እንደሆነ በር ቢዘጋበትም አይቀር፤ ከቤት ቤት ይዞራል። እኛም ሸትቶን፣ የምን ገብስ እንደሆነ ልባችን እያወቀ፣ ጧት ስንገናኝ «እንዴት አደራችሁ?» «ይመስገን።» ሁላችንም ዘራችንን በላን፤ እያንዳንዳችን ግን ብቻዬን የበላሁ እየመሰለን መሬት መሬት እናያለን።

ሞላ የሚባል ልጅ አለኝ፤ ጢሙ ያቀመቀመ፣ እርፍ ከያዘ የማይመለስ ጎበዝ። ከቤቴ የሞላ ነገር ቢኖር የሱ ስም ነው። አንድ ቀን እርሻ ውለን ስንመለስ እንዲህ አለኝ።

«አባቴ፣ አይቆጡኝ። መሬቱን አለስልሰን ባዶውን ከምናየው፣ ለሰኔ ሚካኤል ዘር ካልተገኘ እኔ መተማ ወርጄ የቀን ሥራ ልሥራ።»

በደጉ ዘመን ቢሆን ምርቃት ሰጥቼ እሸኘው ነበር። እኛም በወጣትነታችን ሰሊጥ አጨዳ ወርደናል። ዘመኑ ግን እንደምታውቁት ነው፤ መንገዱ ሰው ይወስዳል፣ ሰው መመለሱን እንጃ። የጎረቤታችን ልጅ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል፤ እናቱ መኪና በሰማች ቁጥር ደጅ ትወጣለች። የሺ የልጇን ነገር ከሰማች ጀምሮ እህል አልወርድላት አለ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ዘር ከመጣ ሞላ ይቀራል። ዘር ካልመጣ መሬቴም ባዶ፣ ቤቴም ባዶ።

በዚህ መሐል «ካቶሊኮቹ ዘር ሊሰጡ ነው» የሚል ወሬ መጣ። አርብ ገበያ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚሠሩ ድርጅት ናቸው። ምንጭ አጎልብተዋል፣ እርከን አሠርተዋል፣ ለተቸገረው ስንዴና ዘይት ያድላሉ ይባላል። መቼም በጎንደር አገር ካቶሊክ የሚል ቃል ሲነሣ፣ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ፣ ሰው ሳይታወቀው ማተቡን ይዳስሳል። ከቅዳሴ ስንወጣ አንዱ ጎረቤቴ የንስሐ አባታችንን መምሬ አስናቀን አስቁሞ፣ ሊቃውንት እንደሚጠይቁት አድርጎ ጠየቃቸው።

«አባ፣ ለመሆኑ ከካቶሊክ ዘር የበቀለ ስንዴ ለመገበሪያ ይሆናል?»

መገበሪያ የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት የሚሠራበት ስንዴ ነውና ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሁላችንም ጆሯችንን አቆምን። መምሬ አስናቀ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና፣

«ስንዴ ክርስትና ተነሥቶ አያውቅም፤ ዘሩ ከመጣ ዝሩት» አሉ።

በዚሁ ተዘጋ። ሃይማኖቱ ከተፈታ በኋላ ምን የሚያስፈራ ነገር ቀረ አልን። እኛው ራሳችን መቅረታችንን ማን አሰበ!

ከድርጅቱ የተላከው ጎልማሳ በእሑድ ቀን መጣ። አልሰድበውም፤ ጨዋ ነበር። ቆቡን አውልቆ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳለመ። ሽማግሌውን ሁሉ በአንቱታ ጠየቀ። ስልኩን ይዞ በየተራ ሲደርሰን፣

«አዝመራው እንዴት ነበር?»

«ይመስገን።»

«ለዘንድሮ ዘር አላችሁ?»

በዚህ ጊዜ ሁሉም የየራሱን ጎረቤት በዓይኑ ጠርዝ አየ። ማን ቀድሞ ዘር በላ ይባል! አንዱ «አይጠፋም» አለ። ሌላው «እግዜር ያውቃል» አለ። አንዷ «ለሱ ምን ይሳነዋል?» አለች። እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አፌን የከፈትኩት የለም ልል ነበር። የወጣው «ተመስገን» ነው። እሱም እያንዳንዱን መልስ ስልኩ ላይ ነካ ነካ አድርጎ፣

«ደስ ይላል! ሌላው አገር ተጎድቶ እናንተ በመዳናችሁ እግዚአብሔር ይመስገን» አለን።

«አሜን» አልን። በአንድ አፍ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ቆመን መኪናውን አየነው። በእያንዳንዳችን ጉሮሮ አንዳንድ «ብቻ» ተሰንቅሮ ነበር፤ ሰውየው ግን ትንሽ እንኳ አልቆየም።

በሚቀጥለው ዓርብ ገበያ ወርጄ ደጉ የሚባል የማዶ ሰው አገኘሁ። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው አንድ ሸለቆ ነው፤ ፌዛቸውን ግን ሸለቆ አያግደውም።

«አንቱ ጋሼ፣ ጠግባችኋል አሉ! በተመስገን ብቻ የሚኖር አገር ናችሁ አሉ!»

«ምን ሆነሃል?»

«እኛማ ለዘር ተመዘገብን። እናንተ ደህና ናችሁ ተብሏል። ምነው፣ ተርፏችሁ እንደሆነ ለእኛም ጣል አታደርጉም?»

«እናንተ ደግሞ ምን ብላችሁ ነው የተመዘገባችሁ?»

«እኛ ምን በወጣን! ጎበዝ አልቃሽ አለችን። ለሬሳ የምታለቅሰውን ለባዶው ጎተራ አለቀሰችለት። የጠየቀን ልጅ ራሱ እንባውን እየጠረገ ሄደ።»

ሣቄ መጣ። የእነሱ ቀበሌ ከእኛ ተሽሎ ሳይሆን አይቀርም። ግን ማን ይከሰሳል? ዋሹብን አንል፤ የዋሸነው እኛ። ዋሸን አንል፤ ያልነው ተመስገን። ያን ቀን ቁና ጨው ገዝቼ እየተመለስኩ፣ ዳገቱ ላይ ሦስት እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፣ ሦስት ሄጄ እቆማለሁ።

ቀጥታ ወደ መምሬ አስናቀ ሄድኩ። ሌላም የሚከነክነኝ ነገር ነበራ። ለፈጣሪ ጧት ተመስገን ብዬ፣ ቀን ለሰው ተቸገርሁ ብል ማማረር አይሆንም ወይ? ምስጋናዬን አያፈርስብኝም ወይ? ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት ስለሌለኝ ብቻዬን ልፈታው አልቻልኩም።

መምሬ ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ አባታችን ሆይ ስትል ‘የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ’ አትልም?» አሉኝ።

«እላለሁ አባ።»

«ታዲያ ይኸ ማማረር ነው?»

«የለም አባ፣ ጸሎት ነው።»

«ለሱ ስጠን ትላለህ፤ የሱ እጅ ሆኖ ለመጣው ሰው ሞልቶናል ትላለህ። እንዲህ ያለ ጸሎተኛ እሱም ግራ ይገባዋል። በል ሂድና ተናገር።»

ልቤ ቀለል አለኝ። ተነሥቼ ልሄድ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ለመሆኑ አባ፣ ያ ሰውዬ እርስዎን ሲጠይቅዎ ምን አሉት?»

መምሬ ወደ ደጀ ሰላሙ ዞር አሉ። መቋሚያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ።

«እኔማ ካህን ነኝ» አሉ፣ «ምን ልበል? ተመስገን አልኩ።»

በማግሥቱ ተነሥቼ አርብ ገበያ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እያጠናሁ ነው የሄድኩት። ጌቶቼ፣ ዘር የለንም። ወይም፣ እመቤቴ፣ ተሳስተን ነው። እንደ ቅኔ ተማሪ አንዱን እጥላለሁ፣ ሌላውን አነሣለሁ። ቢሮው ውስጥ የነበረችው ወይዘሪት ማርታ የምትባል የሥራው ኃላፊ ናት፤ እንደ ወንጌሏ ሞክሼዋ በብዙ ነገር ትባክናለች። በአንድ ጆሮዋ ስልክ ይዛ በእጇ ወንበር አሳየችኝ። ስትጨርስ፣

«እንደምን አሉ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ይመስገን።»

«አዝመራውስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?»

«የሱ ቸርነት አያልቅም፣ ይመስገን።»

«ደስ ይላል» አለችና ወደ ሥራዋ ጎንበስ አለች።

አፌ ከእኔ ቀድሞ ጨረሰው! ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት እግዜርን አርብ ገበያ ለማመስገን መሰለ። ጥቂት ተቀመጥኩ። ስልኳ ደግሞ ጮኸ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከሰው ሥራ ላይ ቁጭ ማለቱ አሳፈረኝና ብድግ አልኩ። «በሉ ደህና ይዋሉ» አልኩ። እግሬ ከደፉ ደረሰ። ዱላዬ ግን ከወንበሩ እግር ተጠላልፎ ቀርቶ ኖሮ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ላላቅቀው ጎንበስ ባልኩበት፣ በዚያው ጎንበስ እንዳልኩ፣

«ብቻ…» አልኩ።

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። «ብቻ ምን አባቴ?»

«ብቻ ዘር የለንም።»

«የእናንተ ቀበሌ ዘር አለው ተብሎ ነው የተነገረን።»

«የነገርናችሁ እኛ ነን።»

«ምን ብላችሁ?»

«ተመስገን ብለን።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ያቺ የምፈራት ጥያቄ መጣች። «ታዲያ ዘሩ የት ሄደ?»

«በላነው» አልኳት። መንጋጋ ያስነቀልኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ትሥቃለች ብዬ ዓይኗን ጠበቅሁ። አልሣቀችም። «እናቴም እንደ እርስዎ ናት» አለችኝ። «በደወልኩ ቁጥር ተመስገን ነው። ሆስፒታል ገብታ መውጣቷን የሰማሁት ከጎረቤት ነው።» ለካ ይህ በሽታ ሃይማኖት አይመርጥም! ልጽናና ስል ግን ቀጠለች። «መጥቼ ራሴ አያለሁ። ተስፋ ግን አልሰጥዎትም፤ ያለው ዘር ለሌሎች ተይዟል። ለበላዮቼ ጠይቄ ነው።» ለሰኔ ሚካኤል የቀረው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነበር።

እንዳለችው መጣች። ጎልማሳውም አብሯት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቃት። «እንዴት ሰነበታችሁ?» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን!» አልን፣ በአንድ አፍ። ጎልማሳው ስልኩን ሊያወጣ ሲል በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠችው። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ምንም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መሬቱን በእንጨት ጫር ጫር አደረገች። ሰማዩን አየች። ዝም አለች።

እኛም ዝም። እሷም ዝም። አንዱ ሳለ። አህያ አናፋ። ዝምታው እየከበደ ሲሄድ፣ አንዲት አሮጊት ከኋላ፣

«ብቻ ልጄ…» አሉ።

እንደ ክረምት ጎርፍ ማን ያቁመው! የአንዱ ብቻ ሳያልቅ የሌላው ብቻ ይነሣል። በረዶ የመታው አለ፤ በሬው የሞተበት አለ፤ የአንዷ ብቻ ከሠርጓ ጀምራ ስለመጣች መምሬ አስናቀ «አሳጥሪው» ብለው ተማጸኑ። በመጨረሻ ሁሉም እዚያች አንዲት ቦታ ይደርሳል። ዘሩን በላነው። ሁላችንም ዘር በላ መሆናችንን ያን ቀን ነው የተዋወቅነው። ደጉ የፈለገውን ይበል፣ እኛ አልቃሽ አላቆምንም፤ ሁላችንም አልቃሽ ሆንን እንጂ።

ማርታ ሰምታ ስትጨርስ «የአንድ ሰው ቤት ባይ ጥሩ ነበር» አለች። ብቻን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ጎታ መክፈት ሌላ። ሁሉም የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መሰለ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያደረገውም ጭምር። የሺ ተነሣች።

«ነይ ልጄ፣ የእኔን እይ።»

ነጠላዋን ያዝሁ። «አንቺ ሴት፣ የአባቴን ቃል እያወቅሽ…»

«የአባትህ ቃል ተቆልቶ ይበላል?» አለችና ነጠላዋን አስለቀቀችኝ።

ቤት ገብተን የጎታውን ክዳን ስታነሣ ከውስጡ የእሳት ልጅ የመሰለች ዶሮ «ቋቅ!» ብላ ተፈናጥራ በማርታ ትከሻ ላይ አለፈች። ጎታው ባዶ ቢሆን እንቁላሏን ታቅፋበት ኖሯል። ማርታ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ እስክታነባ ሣቀች። ይኸው፣ አባቴ ያለው ደረሰ፣ ሣቅ ሞላው አልኩ በሆዴ፤ ከመሬት ሥር ብገባ በወደድሁ። ሣቋን ጨርሳ ግን ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ጭድና እንቁላል ነው ያለው። ፊቷ ተለወጠ።

«ገብስ የነበረበት መቼ ነው?»

«ዶሮዋ ሳትገባ» አለች የሺ።

ማርታ ሄደች። ቃል አልሰጠችም። ያኔ ነው መከራው የጀመረ። ዝናቡ ደግሞ፣ ዐምና ለምነነው የቀረው፣ ዘንድሮ በጊዜው ዘነበ። የማዶ ሰዎች በሬ ጠምደው ሲዘሩ ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማል። የእኛ መሬት እንደታረሰ አፉን ከፍቶ ሰማይ ያያል። አንድ ቀን ዘሩ ተፈቀደ ይባላል፤ በማግሥቱ መንገድ ተዘጋ ይባላል፤ በሦስተኛው መኪናው ደብረ ታቦር ደርሶ ተመለሰ ይባላል። ኔትወርኩ እንደ ሰበካ ጉባኤ አባል ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሞተር ድምፅ ይመስለኛል። ጎረቤቴ ሴትዮ ልጇን ጥበቃ ደጅ ስትወጣ እኔ ዘር ጥበቃ ደጅ እወጣለሁ፤ በአጥር ላይ እንተያያለን፣ «እንዴት ዋልሽ?» «ይመስገን።»

ሞላ ልብሱን በገመድ ጠፍሮ ከምሰሶው ላይ ሰቅሎታል። ለጸሎት ፊቴን ወደ ምሥራቅ ስመልስ ያ ጓዝ ከዓይኔ ፊት ይንጠለጠላል፤ ዳዊቱን ስደግም መሥመር እዘላለሁ። አንድ ጧት ግን አዲስ ነገር ደፈርሁ። «ተመስገን ጌታዬ» አልኩ፣ እንደ ወትሮው። ቀጥዬም፣ ማርታ ያስለመደችኝ ነው፣ ትንሽ ዝም አልኩና «ብቻ…» አልኩት። የቀረውን እሱና እኔ እናውቃለን።

የሚካኤል ዋዜማ ቀትር ላይ ከሸለቆው ጡሩንባ ተሰማ። የሺ «መኪና!» ብላ ጮኸች። ደስ ሊለን ሲጀምር ደግሞ አንድ ከባድ ድምፅ መጣ፤ ዛፍ ሲወድቅ እንደሚሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያለ ዱላዬ ሮጥኩ። ሞላ ቀደመኝ። አገር በሙሉ ወደ ወንዙ ወረደ።

የዘሩ መኪና ከመሻገሪያው በላይ ጭቃው ከድቶት በጎኑ ተጋድሟል። ጎማዎቹ ወደ እኛ ዞረው በአየር ላይ ይሽከረከራሉ። ከበታቹ ወንዙ ይጮኻል። ዘር ውኃ ከነካው እዚያው በጆንያው ይበቅላልና፣ ሁላችንም የምናስበው ሁለት ነገር ነበር፤ ሹፌሩ ይኑር፣ ዘሩ ይኑር። በየትኛው እንደጀመርን እግዜር ብቻ ያውቃል። ሸራው አልተቀደደም ነበር። ሰው በሰልፍ ቆሞ ጆንያ መቀባበል ጀመረ፤ መምሬ አስናቀ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው በጭቃው መሐል ገቡ። ማመን ነው የሚያቅታችሁ፣ ደጉና የማዶ ሰዎችም አህያ ይዘው ደረሱ፤ «እናንተ ጠግባችሁ መሸከም አቃታችሁ?» እያለ ደጉ ከሁሉ የከበደውን ተሸከመ። አህያ ላይ የምናስርበት ገመድ ሲያልቅብን ሞላ ወደ ቤት ሮጦ ሄደና ተመለሰ። በእጁ ገመድ አለ። አወቅሁት። ከምሰሶው ላይ የነበረው ነው። ልብሱን የት እንደጣለው አልጠየቅሁም።

ዘራን። ገብሱንም ስንዴውንም ዘራን። ዛሬ ይህን ስጽፍ ማሳው አረንጓዴ ሆኗል፤ ሞላ አረም ላይ ነው። ስንዴው ከደረሰ የመጀመሪያዋ ለመገበሪያ ትሄዳለች፤ ያ መምሬን የጠየቀው ጎረቤቴ ራሱ ነው የተሳለ። አዝመራው እንዴት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብቻ ገብሱ እስኪያሸት ድረስ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም፤ በረዶ አለ፣ ዐምና ያየነው አለ። አባቴንም ቢሆን አልከሰስኩትም። ጎተራ ለሁሉ አይከፈትም፤ ለማን እንደሚከፈት ነው ሳይነግረኝ የሞተው።

አንድ ነገር ግን ዘልያለሁ። ወንዙ ዳር ቀድመው ከደረሱት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሹፌሩን አላውቀውም፤ ከየት እንደሆነም፣ ምን ሃይማኖት እንዳለውም እስከ ዛሬ አልጠየቅሁ። በተጋደመው መኪና፣ ወደ ሰማይ በዞረው መስኮት፣ ወገቡ ድረስ ብቅ ብሏል። ግንባሩ ተቧጥሯል፣ ጭቃ ከጆሮው ይንጠባጠባል፣ አንድ እጁ አሁንም መሪውን የያዘ ይመስላል። ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ፣ «ወንድሜ! እንዴት ነህ? ተረፍህ?» ብዬ ጮኽኩ። ሰውየው ጭቃውን ከዓይኑ ጠረገ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳኝ፣ ትንሽም ዝም አለ፤ ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ በጣም ደህና ነኝ። ብቻ ትንሽ ዘመም ብያለሁ።»